ከፋዩ ሲያንስ፦ ከካዛንቺስ እድር እስከ ኮፐንሃገን ጡረታ

ባለፈው እሑድ የእናቴ እድር ስብሰባ ነበር። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት እኔ ሄድኩላት። መቅረት ቅጣት አለው፤ ቅጣቱ ደግሞ ከወር መዋጮው አይተናነስም። የሚሰበሰቡት ዑራኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ባለች የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ሠላሳ የሚሆን ሰው መጥቷል። ተቀምጦ ካለው ሰው ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በታች የሆንኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ከዘራዎቹ ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል።

ገንዘብ ያዡ ባለ ካሬ ደብተራቸውን ዘረጉ። ዕድሜ ልካቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሲሠሩ ኖረው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ገቢውን አነበቡ። ወጪውን አነበቡ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና «እንግዲህ ከፋዩ አነሰ፣ ቀብሩ በዛ። ሌላ ምሥጢር የለውም» አሉ።

ይህቺን ንግግር ይዤ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት። ቶኪዮ፣ ፓሪስና ኮፐንሃገን ያሉ ሚኒስትሮች ስንት መቶ ገጽ ጥናት አስጠንተው የሚደርሱባት እሷው ናት።

ደብተሩን ጠጋ ብዬ አይቼው ነበር። ስሞቹ በሰማያዊ እስክርቢቶ ተጽፈዋል። በቀይ የተሰረዙት ሞተዋል። በእርሳስ «ተነሺ» የተባለባቸው ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ሰፈር የሄዱት ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ዛሬም ሁለት ታክሲ ይዘው እየመጡ የሚከፍሉ አሉ። እዚያው አዲስ እድር የገቡም አሉ። ቀዩም እርሳሱም ያልነካውን ስም ስቆጥር ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

እድሩ የተቋቋመው በደርግ ጊዜ ነው። መሥራቾቹ ያኔ አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ሠላሳ አልሞላቸውም። ለሃያ ዓመት ያህል የሚሞት ሰው ጥቂት ነበር። ገንዘቡ ተጠራቀመ። ድንኳን ተገዛ። አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ትሪ፣ ኩባያ ተገዛ። ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠውም ብር ከፍ ተደረገ። የሰፈሩ ሰው «የእነሱ እድር ሀብታም ነው» ይል ነበር። እድሩ ግን ሀብታም አልነበረም። ወጣት ነበር። አባላቱ አብረው ጎለመሱ፣ አብረው አረጁ። ልጆቻቸው በቦታቸው አልገቡም፤ ግማሹ ጀሞና አያት ኮንዶሚኒየም ነው ያለው፣ ግማሹ ዱባይና ዋሽንግተን።

ይህን «ሀብታም ሳይሆን ወጣት» የሚለውን ነገር ያዙልኝ። እመለስበታለሁ።

በነገራችን ላይ የሰፈሩ ስም ራሱ ከዚህ ጉዳይ ብዙም አይርቅም። «ካዛንቺስ» የመጣው «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው የጣሊያንኛ ስያሜ ነው። ኢንቺስ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራ የጣሊያን ተቋም ምኅጻረ ቃል ነበር። ወራሪው ለራሱ ሰዎች የዘረጋው የመኖሪያ ቤት ድጋፍ በእኛ አፍ ሰፈር ሆኖ ቀረ።

መንግሥት ዳኛ የሆነበት እድር

ፈረንጆች «ዌልፌር ስቴት» የሚሉት ነገር አለ። በአማርኛ ቁርጥ ያለ ስም አላገኘንለትም። ሰነድ ላይ «የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት» ይባላል። እኔ ግን መንግሥት ዳኛ የሆነበት ትልቅ እድር ብለው ይቀለኛል። አባልነቱ ግዴታ ነው። የሚከፍለው ደግሞ ለቀብር ብቻ አይደለም፤ ለሕመም፣ ለወሊድ፣ ለሥራ ማጣት፣ ለእርጅናም ይከፍላል።

በሕግ የጀመረው የጀርመኑ ቻንስለር ቢስማርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 የሕመም መድን፣ በ1884 የሥራ ላይ አደጋ መድን፣ በ1889 የጡረታ ሕግ አወጣ። ለድኻ አንጀቱ ተላውሶ ብቻ አይምሰላችሁ። ሶሻሊስቶች ሠራተኛውን እንዳይወስዱበት ነው። ጡረታው የሚጀምረው በ70 ዓመት ነበር። በዚያ ዘመን የፋብሪካ ሠራተኛ 70 ዓመት የሚደርሰው ስንቱ ነው? መዋጮውን ሁሉም ይከፍላል፣ አበሉን የሚበላው ጥቂት ነው። ሒሳቡ ይሠራ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ሰፋ። እንግሊዝ በ1942 የወጣውን የቤቨሪጅ ሪፖርት መነሻ አድርጋ ድጋፉን «ከእናት ማሕፀን እስከ መቃብር» በሚባል ደረጃ ዘረጋችው። በሐምሌ 1948 ሕክምናን በነፃ የሚሰጠውን ብሔራዊ የጤና አገልግሎቷን ጀመረች። ጃፓን በ1961 ጡረታና የጤና መድን ለዜጋው በሙሉ አደረሰች። ኢኮኖሚው ያድጋል። ሕፃናት በገፍ ይወለዳሉ። የትልቁ እድር አባላት ወጣቶች ናቸው። ድንኳኑና ብረት ድስቱ የተገዛው ያኔ ነው።

አሁን ጃፓንን እዩ። በ1949 ወደ 2.7 ሚሊዮን ሕፃናት ተወልደውባት ነበር። በ2024 የተወለዱት 700,000 አልሞሉም። ከመቶ ሰው 29 ያህሉ 65 ዓመት አልፏቸዋል። ለአንድ አዛውንት ያሉት ለሥራ የደረሱ ሰዎች ሁለት ብቻ ናቸው ማለት ነው። ደቡብ ኮሪያ ከዚህም ባሰች። በ2023 አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው ልጅ አማካይ 0.72 ደረሰ። አንድም አይሞላም።

ሰዎች እዚህ ላይ የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ጡረታ ማለት ወጣት ሆኜ ያስቀመጥኩትን ሳረጅ ማውጣት ይመስላቸዋል። በአብዛኛው አገር እንዲህ አይደለም። ዛሬ ከደመወዜ የሚቆረጠው ዛሬ ላረጀው ሰው ይከፈላል። እኔ ሳረጅ የሚከፍለኝ ያኔ ወጣት የሚሆነው ነው። ልክ እንደ እድሩ። የእናቴ መዋጮ የተቀመጠው ለእናቴ አይደለም፤ ባለፈው ወር ላረፉት ጎረቤቷ ወጥቷል። ቃሉ የሚጸናው ተተኪ እስካለ ድረስ ነው።

ተተኪ ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ዴንማርክ በግንቦት 2025 ፓርላማዋ ባጸደቀው ሕግ የጡረታ መውጫውን ከ2040 ጀምሮ 70 ዓመት አድርጋዋለች። ከ136 ዓመት በፊት ወደነበረው ወደ ቢስማርክ ቁጥር ተመለሰች ማለት ነው። ፈረንሳይ በ2023 ከ62 ወደ 64 ለማድረስ ስትነሳ ሰዉ አደባባይ ወጣ። ፓሪስ ለሳምንታት ቆሻሻ ሳይነሳላት ከረመች። ቻይና ከጥር 2025 ጀምሮ የወንዶቹን ከ60 ወደ 63 ቀስ በቀስ እየገፋች ነው። ጀርመን ዕድሜውን ወደ 67 እያሳደገች ጎን ለጎን ከውጭ ሠራተኛ ታስገባለች። ስዊድን ደግሞ በ1990ዎቹ ፖለቲከኛ የማይነካው ቀመር አበጀች፤ ሒሳቡ ሲጎድል አበሉ ራሱ ይቀንሳል። ብልሃቱ የሚያስቀና ነው፤ አበሉ የተቀነሰበት ሰው ግን ብልሃት ብሎ እንደማይጠራው እገምታለሁ።

ዞሮ ዞሮ መንገዱ እነዚሁ ናቸው። ወይ መዋጮ ይጨመራል፣ ወይ የሚሰጠው ይቀነሳል፣ ወይ ሰዉ ቆይቶ እንዲቀበል ይደረጋል፣ ወይ አዲስ አባል ይገባል።

«እኛማ ገና ልጆች ነን»

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ሳወራው ሳቀብኝ። «የጠገበ ፈረንጅ ጣጣ ነው። እኛ አገር እኮ ሕፃን በሕፃን ነው» አለ። ልክ ነው፤ አገሩን በጅምላ ካየነው። ከአሥር ኢትዮጵያውያን አራት ያህሉ ገና 15 ዓመት አልሞላቸውም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ከመቶ ሦስት ሰው ያህል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጅ እንደምትወልድ ነው ያሳየው።

እዚያው ጥናት ውስጥ ግን የአዲስ አበባን ረድፍ ፈልጋችሁ አንብቡ። 1.8 ይላል። የድንገት ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው ጥናት 1.9 ነበር፣ በ2005 ወርዶ 1.4፣ በ2011 ደግሞ 1.5። አንድ ትውልድ ራሱን ለመተካት 2.1 ገደማ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ በአራቱም ጥናት ከዚያ በታች ናት። እንግዲህ በወሊድ ነገር አራዳና ቂርቆስ ለባሌ ወይም ለአፋር ከሚቀርቡት ይልቅ ለስቶክሆልም ይቀርባሉ።

ምክንያቱን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ ቤት ተከራይቶ መኖር ይበቃል። እኔ ያለሁበት ግቢ ውስጥ ሁለቱም ሥራ ያላቸው ባልና ሚስት አሉ። የሚኖሩት በአንድ ክፍል ነው። መጋረጃ ጋርደው ግማሹን መኝታ፣ ግማሹን ሳሎን አድርገውታል። አንድ ልጅ አለቻቸው። ሁለተኛ ለምን እንዳልወለዱ ቤተሰብ በጠየቀ ቁጥር ባልየው መጋረጃውን ያሳያል። በዚያ ላይ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ሴቶቹም ተምረው፣ ሥራ ይዘው፣ ዘግይተው ነው የሚያገቡት፤ የወሊድ መቆጣጠሪያውም ጤና ጣቢያው ላይ አለ። አንድም ሰው ላይ የሚፈረድ ነገር የለም። አንድ ላይ ሲደመር ግን የከተማው ደብተር ላይ አዲስ ስም አይጻፍም።

ታዲያ ከተማው ለምን ሰው በሰው ሆነ? ከክፍለ ሀገር ስለሚመጣበት ነው። ጀርመን ሠራተኛ ከውጭ እንደምታስገባው አዲስ አበባም ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጉራጌ፣ ከወላይታ ወጣት ታስገባለች። ለአንድ ሕፃን ክትባትና ፊደል ያወጣው ገጠሩ ነው፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ከተማው ነው። ወጣቱ ዕለት ዕለት ስለሚገባ ከተማው እንዳረጀ አይታወቅም። የካዛንቺስን አዲስ አስፋልት በመኪና ስታልፉ የምታዩት ወጣት ብቻ ነው። አዛውንቶቹ ቤት ውስጥ ናቸው።

ቤት ውስጥ ማን ያያቸዋል? የእኛን ቤት ልንገራችሁ። እናቴን ቀን ቀን የምትውልላት ከደቡብ ወሎ የመጣች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። እኔ ቢሮ ነኝ፣ እህቴ ቤሩት ናት። እህቴ እዚያ የሌላ ሰው እናት ትጦራለች፤ የእኛን እናት ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ ትጦርልናለች። ይቺ የወሎ ልጅም ፓስፖርት አውጥታለች፣ እጇ እስኪሞላ ነው እንጂ መሄዷ አይቀርም። «ልጅ ጧሪ ነው» የሚለውን ነገር ስሰማ አሁን አሁን ጧሪው የትኛው ልጅ እንደሆነ ይጠፋኛል። ፔሮል ላይ ስለሌለች ለልጅቷ የሚቆረጥላት ጡረታ የለም። የእሷን እርጅና እዚህ ከተማ ውስጥ የመዘገበው ደብተር የለም።

18 በመቶና ሦስት ሰው

አገራችን የጡረታ ሕግ የላትም ማለት አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛው ከ1955 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 209 ጀምሮ ጡረታ አለው። ያኔ ሠራተኛው 4 በመቶ፣ መንግሥት 6 በመቶ ያዋጡ ነበር። የግሉ ሠራተኛ በአስገዳጅነት የገባው ግን በ2003 ዓ.ም. ነው። በመሀሉ ወደ ሃምሳ ዓመት አለ። አሁን የሚሠራባቸው በ2014 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ናቸው። ዛሬ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። ድምሩ 18 በመቶ ነው። መውጫው 60 ዓመት ነው።

ሒሳቡን የእድሩን ገንዘብ ያዥ አስመስለን እንሥራው። አንድ ሰው 30 ዓመት አገለገለ እንበል። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት 30 በመቶ ይያዝለታል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ የሃያ ዓመቱ 25 በመቶ ይሆናል። አንድ ላይ 55 በመቶ። ይህ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ ላይ ይሰላል። አማካዩ 4,000 ብር ከነበረ ጡረታው 2,200 ብር ነው። ቢሞት ባለቤቱ ግማሹን ትወስዳለች።

አሁን ገልብጡት። አንድ ሠራተኛ ከነአሠሪው የሚያስገባው 18 በመቶ ነው። አንድ ጡረተኛ የሚወስደው 55 በመቶ ነው። 55ን ለ18 ስታካፍሉት ሦስት ይመጣል። ደመወዛቸው ተመሳሳይ ቢሆን ለአንድ ጡረተኛ ሦስት ከፋይ ያስፈልጋል። ከሦስት በታች ሲሆን ተቀማጩ መበላት ይጀምራል።

ለአሁኑ ችግር የለም ይላሉ። በተለይ የግሉ ፈንድ ገቢው ከወጪው እጅግ የበለጠ ነው። ይታመናል። ሥርዓቱ እኮ ገና የተቋቋመ እድር ነው። የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ አሥር ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ያላሟላ ሰው የአንድ ጊዜ ክፍያውን፣ ዳረጎቱን ይዞ ይሰናበታል። በ2003 የጀመረ መዝገብ አሥር ዓመት የሞላው በ2013 ነው። በ2003 በ25 ዓመቱ የተቀጠረ ሰው 60 የሚሞላው በ2038 ነው። ያኔ እነዚያ በአንድ ላይ የገቡት በአንድ ላይ ይወጣሉ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይኸው ነው፤ ፈንዱ ሀብታም አይደለም፣ ወጣት ነው።

በወጣትነቱ ያጠራቀመውንም የት አስቀመጠው? ለብዙ ዓመታት ሕጉ ይፈቅድለት የነበረው በመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድና ቦንድ ብቻ እንዲያስቀምጥ ነው። ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በታች ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት የተቀመጠ ብር ሳይነካ ይመነምናል። አዲሱ ሕግ ሌላም ኢንቨስትመንት ፈቅዷል፤ ዘግይቶም ቢሆን ደግ አድርጓል።

የዋጋ ንረቱ ጡረተኛውን ደግሞ በቀጥታ ነው የሚበላው። ቀደም ያልነውን 2,200 ብር እንውሰድ። ኩንታል ጤፍ 10,000 ብርን ካለፈ ቆይቷል። ስለዚህ ብሩ በሙሉ ጤፍ ቢገዛ 22 ኪሎ አይሞላም። ወጥ፣ ዘይት፣ የደም ግፊት መድኃኒት ሳይነሳ ማለት ነው። መንግሥት አልፎ አልፎ ማስተካከያ ያደርጋል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ደርሷል። ግን ጭማሪው በውሳኔ የሚመጣ ነው እንጂ ከዋጋው ጋር በቀመር የተሳሰረ አይደለም። ጡረተኛው ሬዲዮ የሚከፍተው ጭማሪ ሊነገር ይሆናል ብሎ ነው።

ይህ ሁሉ ደግሞ የፔሮል ሰው ወግ ነው። ሊስትሮው፣ ጀብሎ የሚሸጠው፣ ወያላው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጉሊት የምትቸረችረው ሴትዮ ከቁጥሩ ውስጥ የሉም። በራሳቸው ፈቃድ የሚገቡበት በር ሕጉ ላይ ተከፍቶላቸዋል። እኔ ግን በዚያ በር የገባች ጉሊት ቸርቻሪ አላውቅም። መዋጮዋን የሚሰበስብላት እቁቧ ነው፣ ለቀብሯ የሚደርስላት እድሯ ነው።

ከእነሱ ለአንዳንዶቹ የደረሰው «ሴፍቲኔት» ነው። ገጠር ላይ በ1997 የተጀመረው ወደ ከተማ የመጣው በ2009 ነው። በአሥራ አንድ ከተሞች 604,000 ሰው ለመድረስ ታቅዶ ነበር፤ አብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ማልዶ የወጣ ሰው መጥረጊያ ይዘው መንገድ የሚጠርጉትን እናቶች ያውቃቸዋል። መሥራት ለማይችለው አዛውንትና አካል ጉዳተኛ ቀጥታ ድጋፍ ነበረው። ለዚያ ከተያዘው ገንዘብ 300 ሚሊዮን ዶላሩ ከዓለም ባንክ ነው የመጣው፤ መንግሥት 150 ሚሊዮን አከለበት። የጽዳቷን እናት ደመወዝ ሁለት ሦስተኛ ዋሽንግተን ያለ ባንክ ይከፍል ነበር ማለት ነው። ባንኩ ሐሳቡን ቢቀይርስ?

የሕክምናውም ነገር ከዚሁ አይለይም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ተስፋፍቷል። የቀበሌ ቤት እናቶች ካርዷን ከመታወቂያቸው ጋር በላስቲክ ጠቅልለው ነው የሚይዟት። ፔሮል ላይ ላለው ሰው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን ግን አዋጁ በ2002 ወጥቶ ለዓመታት ወረቀት ላይ ቆየ። ሠራተኛው «ከዚህች ደመወዝ ሌላ 3 በመቶ?» ብሎ አጉረመረመ። አልፈርድበትም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ላይ ነው ነገሩ ሁሉ የሚቆመው። ዴንማርክና ፈረንሳይ አገራቸው ከሚያመርተው ከመቶ ከአርባ በላይ የሚሆነውን በግብር ይሰበስባሉ። እኛ ባለፉት ዓመታት አሥር እንኳ አልሞላንም። እነሱ ሰፊ ዋስትና ሰጥተው አርጅተው ከበዳቸው። እኛ ሳንሰጥ ነው የምናረጀው። ለግብሩም ቢሆን የሚያመቸው ፔሮል ላይ ያለው ሰው ነው። እስከ 2017 ድረስ ከ600 ብር በላይ ደመወዝ ሁሉ ግብር ይቆረጥበት ነበር፤ በሐምሌ 2017 የወጣው ማሻሻያ ነው መነሻውን ወደ 2,000 ብር ያወጣው። 700 ብር ከሚያገኝ ዘበኛ ግብር ይቆርጥ የነበረ መንግሥት ሌላ ምንጭ እንዳጣ ያስታውቃል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ አሳዳጊ የቀሩ ልጆችን መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ይደግፋል ይላል። «አቅም በፈቀደ» የምትለዋ ቃል ትንሽ ናት፤ አንቀጹን በሙሉ የተሸከመችው ግን እሷ ናት።

አቅም የለንም የሚለውን ክርክር እኔ በግማሽ ነው የምቀበለው። ሌሶቶ ሀብታም አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2004 ግን ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ዜጎች መዋጮ ሳትጠይቅ ከራሷ በጀት ወርኃዊ ጡረታ ጀመረች። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2018 ለ70 ዓመት አዛውንቶች በወር 2,000 ሽልንግ መስጠት ጀመረች። ገንዘቧ ትንሽ ናት። አዛውንቱ ግን ቤቱ ውስጥ ሸክም ከመሆን ወጥቶ የቤት አስቤዛ የሚያዋጣ ሰው ሆነ። እንዲህ ያለው ነገር የሚጀመረው ደግሞ አረጋውያን ከመቶ ሦስት ሲሆኑ ነው። ከመቶ አሥራ አምስት ሲደርሱ ማን ደፍሮ ይጀምረዋል? የወሎዋ ልጅና ወያላውም መመዝገብ ያለባቸው አሁን በሃያ ዓመታቸው ነው፤ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው አይደለም። ስልካቸው ላይ ቴሌብር አለ። በየሳምንቱ ለእቁብ የሚጥል ሰው ሃያ ብር ለጡረታ መጣል አያቅተውም፤ ብሩ በዋጋ ንረት እንደማይበላበት ካመነ። እምነቱን ማምጣቱ ነው የሚከብደው።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። ሦስት ሐሳብ ቀረበ። አንዱ መዋጮው ይጨመር አለ። ጡረተኞቹ አጉረመረሙ። አንዲት እናት ለለቀስተኛ የሚወጣው የንፍሮና የሻይ ወጪ ይቅር አሉ፤ «ታዲያ እድር ምን ሊባል ነው?» ተብለው ዝም አሉ። ሦስተኛው ሐሳብ ተከራዮችን እናስገባ የሚል ነበር። እዚህ ላይ አዳራሹ ሞቀ። «ተከራይ ነገ ይለቃል!» «የማን ልጅ እንደሆነ ሳይታወቅ!» በአውሮፓ ስለ ስደተኛ የሚባለው ሁሉ ዑራኤል ጓሮ በአማርኛ ተባለ።

በሩ ላይ አንድ ወጣት ቆሞ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር የራይድ ሹፌር ነው። አንዱ አባል ይዞት መጥቷል። መመዝገቢያው ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ገንዘብ ያዡ በጥንቱ ደንብ መሠረት አሰሉለት። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ተገምቶ ለአባላቱ ቁጥር ይካፈላል፤ የአንድ ሰው ድርሻ የመግቢያ ክፍያ ይሆናል። አባላቱ በቀነሱ ቁጥር የአንዱ ድርሻ ስለሚያድግ የመግቢያ ክፍያውም ከፍ ብሏል። ቁጥሩን ሲነግሩት ልጁ ሳቀ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ለመሞት አልቸኮልኩም።»

«እኛስ ቸኩለን ነበር እንዴ የገባነው?» አሉ ገንዘብ ያዡ።

ሁሉም ሳቀ። ደንቡን የመለወጡ ነገር ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ። ልጁ ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶ ሄደ። ገንዘብ ያዡ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉት፤ በእርሳስ።